ደብሪቱ በየግንቦቱ የምትከፍታት ጣሳ

ደብሪቱ ማረፏን የሰማሁ ዕለት የግድግዳ ሰዓቴን አወረድሁት።

ምስር እየለቀምሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የደብሪቱ የእህት ልጅ ናት፣ ከአርብ ገበያ።

"እትዬ ዘውዴ፣ አክስቴ ደብሪቱ ዐረፉ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ታማ ነበር?"

"ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኙት።"

"እሺ" ብዬ ዘጋሁ። የቀረውን ምስር ለቅሜ ጨረስሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ ሰዓቱን አወረድሁት። ለብዙ ዓመት የተሰቀለበት ቦታ ላይ ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል፤ የቀረው ግድግዳ በጢስ ጠቁሯል። ሰዓቱ የእኔ አልነበረም። ለምን የእኔ እንዳልነበረ ለመናገር ስለ ደብሪቱ መናገር አለብኝ።

እኔና ደብሪቱ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቢሮ ተቀምጠናል። እኔ ጸሐፊ ነበርሁ፤ እሷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እሷ ከስምንተኛ አላለፈችም። ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ በልቤ እቆጥረው ስለነበር ነው።

አጭር ነበረች። ፈጥና ትራመዳለች፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ትለብሳለች፤ ቁልፎቿን ወገቧ ላይ በገመድ ታስራለች። ማታ ቢሮውን ስትቆልፍ ቁልፉን ካወጣች በኋላ በሩን በትከሻዋ ትገፋዋለች። አንድ ጊዜ ገፍታ አይበቃትም፤ ሁለት ጊዜ። እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

"ቆልፈሽዋል እኮ" እላታለሁ።

"መቆለፌንማ አውቃለሁ" ትለኛለች። "መዘጋቱን ነው የማላውቅ።"

ሁለቱ ነገሮች እንደሚለያዩ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ደብሪቱ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለ ገብስ ይዛ ወደ ቢሮ ትመጣለች። መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። በየጠዋቱ ገልጣ ታየዋለች፤ ሲደርቅባት ከመጠጫዋ ውኃ ጠብ ታደርግበታለች። በአምስተኛው ቀን ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የበቀለውንና ያልበቀለውን ለይታ ትቆጥራለች። መምህራኑ ይህን ሲያዩ አያልፏትም።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ብቅሉ ደረሰ? ጌሾውን እኛ እናምጣ?" ይላታል የሒሳቡ መምህር።

"ጌሾ ከማምጣትህ በፊት ጠመኔ መልስ። ትናንት አምስት ወስደህ አንድም አልመለስህ።"

"ጠመኔውማ ጠላው ሲደርስ!"

"እንግዲያ ባዶ እጅህን አስተምራ።"

ብቅል አልነበረም፤ የዘር ገብስ ነው። ወንድሞቿ ላይ ጋይንት ያርሳሉ። ለዘር የሚለዩትን ገብስ ግን ሁሉንም ቤታቸው አያስቀምጡም። ከፊሉን ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ያለችው እህታቸው የሻረግ ዘንድ ያወርዱታል። ምክንያቱን አንድ ቀን ነገረችኝ። ልጅ ሳለች ቤታቸው ተቃጠለ። ጎታው ከነገብሱ ከቤቱ ጋር ነደደ። አባቷ ግን ዘርን ሁለት ቦታ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው፤ አንድ ስልቻ ገብስ ታች አገር አክስቷ ቤት ነበር። በሱ ዘሩ፤ ከሱ ተነሡ።

"ግን ታች አገር ሞቃት ነው" አለችኝ። "ነቀዝ አለ። ስልቻው ሙሉ ነው ብለሽ ትተማመኛለሽ፤ ስትከፍቺው ገለባ ነው። ስለዚህ በየግንቦቱ እፍኝ ወስደሽ ታበቅይዋለሽ። ያላበቀልሽው ዘር፣ ዘር ነው አይባልም።"

እኔ ያን ጊዜ የሰማሁት ስለ ገብስ ነበር።

ኮምፒዩተር ወደ ቢሯችን ሲመጣ ሥልጠና የተላክሁት እኔ ነኝ። ተመልሼ መጥቼ የተማሪዎቹን ውጤት ከወረቀት ሮስተር ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ጀመርሁ። ደብሪቱ ወንበሯን ስባ ከጎኔ ትቀመጥና እኔ ስጽፍ ከሮስተሩ ታነብልኛለች። አንድም ቁጥር ዘላብኝ አታውቅም። አንድ ቀን ማንበቧን አቁማ ጠየቀችኝ።

"ይሄ ሁሉ የት ነው የሚቀመጥ?"

"ውስጡ" አልኋት፣ የኮምፒዩተሩን ሣጥን በእጄ መታ አድርጌ።

"ውስጡ ቢሞትስ?"

"አይሞትም።"

"ሁሉም ይሞታል፣ ዘውዴ" ብላ ንባቧን ቀጠለች።

ርዕሰ መምህሩም ቅጂ ይቀመጥ ብለው አዘዙ። ፍላሽ ተገዛ። በየሳምንቱ አርብ የየክፍሉን የውጤት ፋይል ፍላሹ ላይ እገለብጣለሁ፤ ፍላሹን መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፋለሁ። የወረቀት ሮስተሮቹ ደግሞ ከኋላችን ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ደብሪቱ ይህን ለጥቂት ጊዜ አየችና ጣቷን ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ወደ መሳቢያዬ፣ ወደ ቁም ሣጥኑ አዞረች።

"ሦስቱም አንድ ጎጆ" አለች።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቀደች። በጥርና በግንቦት፣ ወደ እህቷ ስትወርድ ፍላሹን ይዛ ሄዳ እዚያው እንድታስቀምጥ፣ ለእኔም ሌላ እንዲገዛ። ፍላሹን የምትይዝበት ክዳን ያላት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረቻት። ከጥጥ ጋር ትጨምረውና ክዳኗን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። እኔ በልቤ እስቅ ነበር። ኮምፒዩተር ነክታ የማታውቅ ሴት፣ የእኔን ሥራ በወተት ጣሳ ይዛ አርብ ገበያ ትወርዳለች።

በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ የዘር ገብሷን ልታይ ወርዳ ሰኞ ተመለሰች። ማታ መምህራኑ ሁሉ እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።

"ዘውዴ፣ ፍላሹን እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አስከፈትሁት።"

"ለምን?"

"ልየው ብዬ። የክፍሎቹ ስሞች አሉ። ስሙን ሲነካው ግን ምንም አይመጣም። ባለሱቁ 'ውስጡ ባዶ ነው' አለኝ።"

ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

"ባለሱቁ አላወቀበትም" አልሁ።

"ሦስት ጊዜ ሞከረው።"

"ደብሪቱ፣ አንቺ ስለ ኮምፒዩተር ምን ታውቂያለሽ? ከስምንተኛ ክፍል ወጥተሽ እኔን ልታርሚ ነው?"

ይህን ብያለሁ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልሁት። ቁልፎቿን አነሣች፣ በሩን ቆለፈች፣ ሁለት ጊዜ ገፋችው፣ ሄደች። አራት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

በአምስተኛው ቀን፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ከመሳቢያዬ ያለውን ፍላሽ ይዤ ወደ ኮምፒዩተር መምህሩ ክፍል ሄድሁ። "እስቲ ይሄን ክፈትልኝ" አልሁት። በእሱም ኮምፒዩተር አልተከፈተም። መምህሩ ትሑት ልጅ ነው፤ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስገለብጥ የኖርሁት ፋይሉን ሳይሆን፣ የኮምፒዩተሩ ፊት ላይ የምትታየውን ትንሿን ምልክት ነበር። ምልክቷ ወደ ፋይሉ የምታደርስ መንገድ ብቻ ናት። በእኔው ኮምፒዩተር ስነካት ፋይሉ እዚያው ስላለ ይከፈታል፤ እኔም ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላ ቤት ስትሄድ ግን መንገዷ የምታደርስበት ቦታ የለም።

ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ገለባ ስከትት ኖሬያለሁ ማለት ነው።

መምህሩ ትክክለኛውን አገለባበጥ አሳየኝ። ሁለት ፍላሽ ሞላሁ፤ ሁለቱንም በእሱ ኮምፒዩተር ከፍቼ አየሁ። አንዱን ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ደብሪቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ይቅርታ መጠየቅ የለመድሁት ነገር አልነበረም። ደብሪቱ ጨርቁን ፈትታ አየችው።

"ይሄንንስ ውኃ አላስነካውም" አለች።

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በዚያው አለፈ። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ሁለት ዓመት አለፈ፤ በየጥርና በየግንቦቱ አዲስ ቅጂ ይወርዳል፤ ጣሳዋ ትከፈታለች፤ ትዘጋለች።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ምሳ ልበላ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ኮምፒዩተሩን ሳልዘጋ ነው የሄድሁት። ያገራችን ነፋስ የታወቀ ነው፤ ያን ቀን ግን በረዶ ይዞ መጣ። ስመለስ የቢሯችን ጣሪያ ግማሹ የለም። ቆርቆሮው ኳስ ሜዳው ላይ ተጣጥፎ ወድቋል። ዝናቡ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ መሳቢያዬ ላይ፣ በሩ ተገንጥሎ በተከፈተው ቁም ሣጥን ላይ ይወርዳል። ሮስተሮቹ ሊጥ ሆነዋል። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ፍላሽ ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ደብሪቱ ጉልበቷ ድረስ ርሳ ወረቀት ከጭቃ ታነሣለች።

በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ሊጠግን የመጣው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። እየሠራ ሳለ ውኃ ገብቶበት ተቃጥሏል። የመሳቢያውም ፍላሽ አልሠራም።

በዚያው ሐሙስ አንድ ገበሬ መጣ። በእጁ ዱላ፣ በትከሻው ጋቢ አለው። ሴት ልጁ ከእኛው ትምህርት ቤት ካቻምና የጨረሰች ናት፤ ሙሉ ትባላለች። ደብረ ታቦር ነርስነት ልትማር ተቀባይነት አግኝታለች፤ የአራት ዓመት ውጤቷን የያዘ ትራንስክሪፕት እስከ ሰኞ ካላቀረበች ግን ቦታዋን ለሌላ ይሰጡታል። ርዕሰ መምህሩ የሆነውን ነገሩት። ገበሬው የቢሮውን ጣሪያ ቀና ብሎ አየና ወደ እኔና ወደ ደብሪቱ ዞረ።

"ዝናብ የዘራሁትን ሲበላብኝ ዝም ብያለሁ" አለ። "የእግዜር ነው። ይሄ ግን እናንተ ዘንድ በአደራ ያስቀመጥሁት ነው። ልጄ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ሰዓት በእግሯ እየመጣች ነው የተማረች። ያ የት ሄደ?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ውጤቱን የማስቀመጥ ሥራ የእኔ ነበር። ኮምፒዩተሩንም ሳልዘጋ የሄድሁት እኔ ነኝ።

"አባቴ" አለች ደብሪቱ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ልጅዎን ይዘው ይምጡ።"

"አለ ነው የምትይኝ?"

"ቅዳሜ ይምጡ።"

ሰውየው ሲወጣ ክንዷን ያዝሁት።

"ካልተከፈተስ?"

"በግንቦት ተከፍቷል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

"ከግንቦት ወዲህ ያለውስ?"

"ከግንቦት ወዲህ ያለውን ከመምህራኑ ደብተር እንለቅማለን። ምስር ለቅመሽ አታውቂም?"

አርብ ማለዳ በሚኒባስ ወረደች። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ሁሉ በአህያና በሰው ተሞልቷል፤ ሄዳ ለመድረስ ቀኑ አለቀ። እህቷ ቤት አድራ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጣሳዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋ ከች አለች። ገበሬው ከነልጁ ከማለዳው ጀምሮ በሩ ላይ ቆሟል። የኮምፒዩተር መምህሩ ላፕቶፑን አምጥቷል። ርዕሰ መምህሩም አሉ።

ፍላሹን የሰካሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሳትሁት። ደብሪቱ ከኋላዬ "ገልብጪው፤ ፊቱን ወደ ላይ" አለችኝ። ገለበጥሁት፤ ገባ። ስሞቹ መጡ። የሙሉን ክፍል ስም ነካሁት። ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ተከፈተ፤ ገጹ ሁሉ በቁጥር ተሞላ።

ገበሬው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጎንበስ አለ።

"ይሄ ነው? ሁሉም አለ?"

"አለ አባዬ" አለች ልጅቱ፣ በጣቷ እየተከተለች። "ይሄው የዘጠነኛ። ይሄው ሒሳብ፤ ሰባ አንድ።"

"ሰባ አንድ? ለእኔ ዘጠና ነው ያልሽኝ አይደል?"

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ገበሬውም ሳቀ፤ እየሳቀ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ወደ ደብሪቱ ስዞር ወደ ላፕቶፑ አታይም ነበር። ጥጡን ወደ ጣሳው እየመለሰች ክዳኗን ትፈልጋለች።

ሙሉ ሰኞ ዕለት ትራንስክሪፕቷን ይዛ ደብረ ታቦር ደረሰች። የጎደለውን የአንድ ወር ሥራ እኔና ደብሪቱ ከመምህራኑ ደብተር እየለቀምን አስገባነው።

በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ ተነሥተው የሆነውን ተረኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የማያውቁትን አልተናገሩም፤ የሚያውቁት ግን ቅጂ የማዘጋጀቱ ሥራ የእኔ መሆኑን ነበር። "ወይዘሮ ዘውድነሽ በጥንቃቄ ቅጂ ባታስቀምጥ ኖሮ" አሉ። ስሜን ጠርተው ስጦታ ሰጡኝ፤ የግድግዳ ሰዓት። ደብሪቱ ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበች እሷ ናት።

እዚያ ቆሜ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ይበቃኝ ነበር። ሰዓቱን ተቀበልሁ፣ እጅ ነሣሁ፣ ተቀመጥሁ።

ወደ ቤት አብረን ነው የሄድን። መንገድ ላይ "ሰዓቱ ያምራል" አለችኝ።

"አዎ" አልሁ።

ያ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን፤ አላነሣሁትም። አላነሣችውም። ጡረታ ወጣን። እሷ ወደ እህቷ ወደ አርብ ገበያ ወረደች፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ትምህርት ቤቱም ውጤቱን በሌላ ዘዴ ማስቀመጥ ጀመረ። እሷ ግን ጣሳዋን አልተወችም። በበዓል እንደዋወላለን፤ ከዚያ ሌላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ቀን ትደውልልኛለች። ጤንነቴን እንኳ ሳትጠይቅ "ተከፍቷል" ትለኛለች። "እሺ" እላታለሁ። ከዚያ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

ባረፈች በአራተኛው ቀን አርብ ገበያ ወረድሁ፤ ሰዓቱን በፌስታል ይዣለሁ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው በአግዳሚ ወንበር ዙሪያውን ተቀምጧል። የሻረግን አቅፌ ተቀመጥሁ። በሰው ፊት መናገር አልወድም። ቢሆንም ብድግ አልሁ።

"አንድ ነገር አለብኝ" አልሁ። "ይህን ሰዓት የሸለሙኝ የልጆችን ውጤት አድነሻል ብለው ነው። ያዳነችው ደብሪቱ ናት። እኔ ዓመት ሙሉ ባዶ ነገር ሳስቀምጥ ኖሬ፣ ባዶ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ሰድቤያታለሁ። እሷ ለማንም አልተናገረችብኝም። ሰዓቱ የሷ ነው።"

ሰዓቱን የሻረግ ጭን ላይ አስቀመጥሁት። በሩ አጠገብ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ "መናገርሽ ደግ ነው፤ እግዚአብሔር ያጥናሽ" አሉ። የሻረግ ሰዓቱን አገላብጣ አየችው።

"እሷ ግን እንዲህ አላለችንም" አለች።

"ምን አለች?"

"'ዘውዴ ባትጽፈው እኔ ምን እጠብቅ ነበር?' ነው የምትል። ሰው በጠየቃት ቁጥር እንዲሁ ነው።"

ተቀመጥሁ።

ሰው ሲቀንስ የሻረግ ወደ ጓዳ ገብታ ጣሳዋን ይዛልኝ መጣች። ክዳኗ ዝጓል። ጥጡ ግን አዲስ ነው። ውስጧ ሁለት ፍላሽ አለ፤ አሮጌው ሳይበላሽ ሌላ ገዝታ አስገልብጣበታለች። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይዣት ሄድሁ። ባለሱቁ ጣሳዋን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ፤ ቀብሯ ላይ ነበር፣ ሁሉን ያውቃል።

"ዘንድሮ ግንቦት ሳይገባ መጡ" አለኝ።

"ዘንድሮ እኔ ነኝ።"

ሁለቱንም ሰካቸው። ሁለቱም ተከፈቱ። የሙሉን ክፍል አስፈለግሁት፤ ሰባ አንዱ እዚያው አለ።

ስመለስ የሻረግ "በይ፣ ያንቺ ሥራ ነው፤ ይዘሽው ሂጂ" አለችኝ።

"የለም" አልኋት። "የእኔ ቤትና ትምህርት ቤቱ አንድ ዝናብ ነው የሚመታቸው። እዚሁ ይቀመጥ። በግንቦት እመጣለሁ።"

ጥጡን መለስሁ፤ ክዳኗን ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላም በመዳፌ ሁለት ጊዜ ጫን አልሁት።

ግንቦት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከፍቼ ሳየው የምደውልለት ሰው የለኝም። ለየሻረግ እነግራታለሁ እንግዲህ። "ተከፍቷል" እላታለሁ።